ከጋሻው ሥር፦ ስለ ጋሻ ለባሽ ተባዮች መለያ ምልክትና ወደ አገራችን ስለ ገባው ነጭ የማንጎ ተባይ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሰምና ከገዛ ቆዳቸው በተሠራ ጋሻ ሥር ተደብቀው ተክልን የሚመጥጡ ጥቃቅን ተባዮች በምን ምልክት እንደሚለዩ ለመግለጽና፥ ያ ምልክት በየትኛው ዘመን፥ በማን ጥረትና በምን ምክንያት እንደ ተገኘ ባጭሩ ለማስረዳት ነው። እነዚህ ተባዮች በሳይንስ ቋንቋ ዲያስፒዲዴ ይባላሉ፤ የግብርና ባለሙያዎች ከሌሎች ዘመዶቻቸው ጋራ አጠቃለው «ስኬል» ወይም «ቅርፊት ተባይ» ይሏቸዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ከዘመዶቻቸው ለመለየት «ጋሻ ለባሽ ተባይ» እንላቸዋለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የነፍሳት ጥናት እንጂ የታሪክ ጥናት አይመስልም። ነገር ግን የአንድ ተባይ ስም የታሪክ ውጤት ነው። ስሙ በትክክል ካልታወቀ ከየት እንደ መጣ፥ በምን እንደሚዛመት፥ በትውልድ አገሩ የትኛው ጠላት እንደሚበላው መረዳት አይቻልም። የተሳሳተ ስም ለተሰጠው ተባይ የተሳሳተ መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ የመድኃኒቱን ዋጋ የሚከፍለው ግን ስሙን የሰጠው ሰው ሳይሆን ገበሬው ነው።

ይህን ጉዳይ በጉብሬ ሆኖ ማንሣት ተገቢ ነው። ጉብሬ በሰባት ቤት ጉራጌ አገር፥ ከወልቂጤ ከተማ አቅራቢያ የምትገኝና ከ2012 ጀምሮ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። ዙሪያዋ የእንሰት አገር ነው፤ አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ዊልያም ሻክ በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ ሕዝቡን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ መጥራቱ የታወቀ ነው። ከዚሁ ከእንሰቱ አገር ወደ ግቤ ሸለቆ ሲወርዱ አየሩ እየሞቀ ሄዶ ለማንጎና ለሌላም የቆላ ፍሬ የሚስማማ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚሄደው መንገድም ወልቂጤን አልፎ ግቤን ይሻገራል። ስለዚህ አካባቢው የእንሰትና የማንጎ አገር የሚጐራበቱበት፥ ጭነትም ያለ ማቋረጥ የሚመላለስበት ስፍራ ነው። እንሰትም ማንጎም ነጭ ሆነው የሚታዩ ጥቃቅን ጠላቶች አሏቸው። ሁለቱ ጠላቶች ግን፥ ወደ ታች እንደምናየው፥ አንድ አይደሉም።

ፍሬ ነው ወይስ ነፍሳት?

የቅርፊት ተባዮች ታላቅ ወገን በጥንት ዘመን የታወቀው በሚያደርሰው ጉዳት ሳይሆን በሚሰጠው ቀለም ነው። በሜዲትራንያን ባሕር አካባቢ በበሉጥ ዛፍ ላይ ከሚለቀመው ቄርሜዝ ከተባለው ነፍሳት ቀይ ማቅለሚያ ይወጣ ነበር። እንስቲቱ ክብ ሆና ባንድ ቦታ ተጣብቃ ስለምትቀር፥ እግርም ክንፍም ስለማይታይባት፥ የጥንት ግሪኮች የዛፍ ፍሬ መስላቸው «ኮኮስ» አሏት፤ ትርጓሜውም ቅንጣት ወይም ፍሬ ማለት ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1758 ለእንስሳት ሁሉ ስም ሲያወጣ ይህንኑ ቃል ወስዶ ኮከስ ብሎ ጻፈው፤ የመላው ወገን የሳይንስ ስም እስከ ዛሬ የሚወጣው ከዚሁ ቃል ነው።

እስፓኞች ከሜክሲኮ ወደ አውሮፓ ያመጡት የነበረው ኮቺኒል የተባለው ማቅለሚያም እንዲሁ ብዙ ጊዜ አከራክሯል። ደርቆ ሲመጣ ዘር ይመስላልና። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌወንሁክ በአጉሊ መነጽሩ መርምሮ ነፍሳት መሆኑን ጻፈ፤ ነገር ግን ሁሉም አላመኑም። በመጨረሻ ሜልኪዮር ደ ሩሸር የተባለ ሌላ ሆላንዳዊ ስለዚሁ ነገር ከወዳጁ ጋራ ተወራርዶ፥ በሜክሲኮ በኦአሃካ አውራጃ ነፍሳቱን የሚያረቡ ገበሬዎች በመሐላ የሰጡትን ቃል አስመጥቶ በ1729 በመጽሐፍ አሳተመ። ምሁራን ከሩቅ ሆነው የተከራከሩበትን ጉዳይ የቈረጠው በየዕለቱ ነፍሳቱን የሚጠብቀው ገበሬ ምስክርነት መሆኑን ልብ ይሏል።

ከጋሻው ወደ ጭራው

ቄርሜዝና ኮቺኒል የጋሻ ለባሾች ዘመዶች ናቸው እንጂ ራሳቸው ጋሻ ለባሾች አይደሉም። ጋሻ ለባሾቹ ለብቻቸው መለየት የጀመሩት በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ኢጣልያዊው ኮስታ በ1828 ዲያስፒስ የሚለውን ስም፥ ጀርመናዊው ቡሼ በ1833 አስፒዲዮተስ የሚለውን ስም አወጡ። የሁለተኛው ስም ሥር አስፒስ የሚለው የግሪክ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ጋሻ ነው። በ1868 ደግሞ ኢጣልያዊው ታርጆኒ ቶዜቲ ባንድ ቤተ ሰብ ሥር አጠቃለላቸው። ዛሬ ከ2500 የሚበልጡ ዐይነቶች የታወቁ ሲሆን፥ ከቅርፊት ተባዮች ቤተ ሰቦች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሊቃውንት ይበልጡን የሚመለከቱት ጋሻውን ነበር። ክብ ነው ወይስ ረዥም፥ ነጭ ነው ወይስ ቡናማ እያሉ ይመድቡ ነበር። ይህ አመዳደብ ግን ያሳስታል፤ ምክንያቱም ጋሻው የነፍሳቱ አካል ሳይሆን የእጁ ሥራ ነው። እጩ ከእንቁላሉ እንደ ወጣ ስድስት እግርና ሁለት አንቴና አለው። ጥቂት ተሳብቦ የሚስማማውን ቦታ ሲያገኝ እንደ ፀጕር የቀጠነ የአፉን መርፌ በቅጠሉ ውስጥ ይተክላል። እንስቲቱ ከዚያ ወዲያ ቆዳዋን ስትገፍፍ እግሮቿ ይጠፋሉ፤ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ድረስም ከተተከለችበት አትነቃነቅም። ከጭራዋ የሚወጣውን የሰም ክር ከአንጀቷ በሚወጣ ፈሳሽ እያጣበቀች፥ የጣለችውንም ቆዳ እየጨመረች ጋሻዋን ትሠራለች። ጭራዋን ዙሪያውን እያዞረች የሠራች እንደ ሆነ ጋሻው ክብ ይሆናል፤ ባንድ ወገን ብቻ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘች የሠራች እንደ ሆነ ይረዝማል። በመሆኑም የአንዲት ዐይነት ጋሻ በቅጠል ላይና በግንድ ላይ ሊለያይ ይችላል፤ የሁለት ልዩ ልዩ ዐይነቶች ጋሻም ሊመሳሰል ይችላል። ቤቱን ብቻ አይቶ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ መናገር እንደ ማለት ነው።

ይህን ችግር በማቃለል ረገድ ታላቅ ሥራ የሠራው አሜሪካዊው ጆን ሄንሪ ኮምስቶክ ነው። ከ1879 እስከ 1881 የአሜሪካ መንግሥት የእርሻ መሥሪያ ቤት የነፍሳት ሊቅ ሆኖ ሳለ የብርቱካንንና የሌላ ፍሬ ተባዮችን መረመረ። ጋሻውን አንሥቶ ከሥሩ ያለችውን እንስት በማይክሮስኮፕ ሲመለከት የኋለኞቹ የሆድ አንጓዎች ተጋጥመው አንድ ጠንካራ ሰሌዳ እንደ ሆኑ፥ በሰሌዳውም ጠርዝ ላይ የሚታዩት ጕጦች፥ እሾኾችና ቀዳዳዎች ከዐይነት ወደ ዐይነት እንደሚለያዩ አስረዳ። ይህ ሰሌዳ ፒጂዲየም ይባላል። ጋሻው በነፋስ፥ በአቧራና በቦታ ሲለዋወጥ ፒጂዲየሙ መልኩን ይጠብቃል። ከዚህ ሥራ በኋላ የጋሻ ለባሾች መለያ ከጋሻው ወደ ጭራው ተዛወረ።

ነገሩ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ኮምስቶክ በ1881 በካሊፎርኒያ በሳን ሆዜ አካባቢ የተገኘውን አንድ ጋሻ ለባሽ ሲሰይመው «አጥፊ» የሚል ትርጓሜ ያለው ስም ሰጠው። ተባዩም በችግኝ ላይ ተጭኖ በአሜሪካ ምድር ተዛመተ። በ1898 ጀርመን የአሜሪካ ሕያው ተክል ወደ አገሯ እንዳይገባ ከለከለች፥ ፍሬውም እየተመረመረ እንዲያልፍ አዘዘች። አሜሪካ ራሷም በ1912 የተክል ኳራንቲን ሕግ አወጣች። ከዚያ ወዲህ በወደብ ላይ የአንድ መርከብ ጭነት ዕጣ ከአንድ ሚሊ ሜትር በምታንስ አንዲት ፒጂዲየም ሊወሰን ቻለ።

በዚሁ ዘመን፥ በ1906፥ በሊቨርፑል የሐሩር አገሮች ሕክምና ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው እንግሊዛዊው ሮበርት ኒውስቴድ፥ ያን ጊዜ ፎርሞዛ ዛሬ ታይዋን ከምትባለው ደሴት በማንጎ ላይ የተለቀመ ነጭ ተባይ መርምሮ አውላካስፒስ ቱበርኩላሪስ ብሎ ሰየመው። ይህ ስም ከመቶ ዓመት በኋላ ለኢትዮጵያ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ቀጥሎም የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ጎርደን ፌሪስ ከ1937 እስከ 1955 ባሳተማቸው የአትላስ ጥራዞች የሥዕሉን ሥርዓት አጸና፤ ይኸውም የነፍሳቱን ግራ ጎን በጀርባዋ በኩል፥ ቀኝ ጎኗን በሆዷ በኩል አድርጎ ባንድ ሥዕል ማሳየት ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ ሥዕሉን ሲያይ ሁለቱ ጎኖች የማይመሳሰሉ ሆነው ግራ ይጋባል።

መለያ ምልክቶቹ

ምልክቶቹን ከቀላሉ ወደ አስቸጋሪው እንደሚከተለው መዘርዘር ይቻላል።

አንደኛ፥ በመርፌ ጫፍ ጋሻውን ማንሣት ነው። ጋሻ ለባሽ የሆነች እንደ ሆነ ጋሻው ብቻውን ይነሣል፤ ነፍሳቷ ለስላሳ ሆና ቅጠሉ ላይ ትቀራለች። ለስላሳ ቅርፊት ተባይ የሚባለው ዘመዷ ግን ቅርፊቱ የገዛ ጀርባው ስለ ሆነ ከአካሉ አይለይም።

ሁለተኛ፥ እግር መፈለግ ነው። ያደገች ጋሻ ለባሽ እንስት እግር የላትም፤ አንቴናዋም ወደ ትንሽ ጕብታ ተለውጦ ቀርቷል። ሚሊበግ የሚባለው ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለው ተባይ ግን ስድስት እግሩን እስከ መጨረሻ ይዞ ይሳባል፤ ጋሻም የለውም።

ሦስተኛ፥ ቅጠሉን መዳሰስ ነው። ሚሊበግና ለስላሳ ቅርፊት ተባይ የሚያጣብቅ ጣፋጭ ፈሳሽ ያፈሳሉ፤ በዚያም ላይ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል፥ ጉንዳንም ይሰበሰባል። ጋሻ ለባሽ ይህን ፈሳሽ አያፈስም። ቅጠሉ ነጭ ነጠብጣብ ኖሮበት የማያጣብቅ፥ ጉንዳንም የማይመላለስበት ከሆነ ጋሻ ለባሽን መጠርጠር ይገባል።

አራተኛ፥ የጣለችው ቆዳ በጋሻው ላይ የት እንዳለ መመልከት ነው። ባንዳንዶቹ በመካከል፥ ባንዳንዶቹ በጠርዝ ላይ ይገኛል።

አምስተኛውና ዋነኛው ፒጂዲየም ነው። ለዚህ ነፍሳቷ በፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ሞቃ ውስጧ ይጸዳል፤ በአሲድ ፉክሲን ቀይ ቀለም ትቀባለች፤ ከዚያም በካናዳ ባልሳም በመስተዋት ላይ ተጣብቃ በማይክሮስኮፕ ትታያለች። የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው።

እነዚህን ምልክቶች በነጩ የማንጎ ተባይ ላይ ብናውላቸው የሚከተለውን እናገኛለን። የእንስቲቱ ጋሻ ክብ፥ ጠፍጣፋ፥ ስስና ነጭ ሲሆን ስፋቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የጣለችው ቆዳ ወደ ጠርዙ ተጠግቶ ቢጫ ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ በመካከሉም ጥቁር መስመር አለበት። የወንዱ ጋሻ ግን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል የሚረዝም፥ ጎኖቹ ትይዩ የሆኑ፥ በጀርባው ላይ ሦስት ሸንተረሮች ያሉበት ነጭ ሣጥን ይመስላል። ወንዶቹ ባንድነት ተሰብስበው ይገኛሉ፤ ባደጉም ጊዜ አንድ ጥንድ ክንፍ አውጥተው ይበራሉ፥ አፍ ግን የላቸውም። ከጋሻው ሥር ያለችው እንስት የፊተኛው አካሏ ሰፊ፥ የኋለኛው ጠባብ ነው፤ በፊተኛው አካሏ ጎን የሚታዩት ጕብታዎች ቱበርኩላሪስ ለሚለው ስም ምክንያት ናቸው። በፒጂዲየሟ ጫፍ ያሉት መካከለኛ ጕጦች ወደ ውስጥ ሰርጕደው ይታያሉ፤ በመራቢያዋ ዙሪያም ጥቃቅን ቀዳዳዎች በአምስት ክፍል ተሰብስበው ይገኛሉ።

በአገራችን

በኢትዮጵያ የተክል ተባዮችን እየለቀሙ በሥርዓት መመዝገብ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እየሰፋ ሄደ። በሐረር ጠቅላይ ግዛት በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ከተመሠረተ በኋላ፥ ሂል የተባለው ተመራማሪ ከ1960 እስከ 1964 በዚያ ጠቅላይ ግዛት በለሙና በዱር ተክሎች ላይ የተገኙትን ነፍሳት ዘርዝሮ በ1966 አሳተመ። በዚያው ዓመት የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከጋሻ ለባሾች መካከል የብርቱካን ቀይ ቅርፊት ተባይ በአገራችን የታወቀ ነው።

ነጩ የማንጎ ተባይ ግን እንግዳ ነው። በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2010 በምሥራቅ ወለጋ፥ በጉቶ ጊዳ ወረዳ በሚገኝ አንድ የግል የማንጎ እርሻ ነው። ከዚያም በ2012 ተመራማሪዎች በምዕራብ ኢትዮጵያ የተገኘ አዲስ የማንጎ ተባይ መሆኑን በጽሑፍ አስታወቁ። በተከታዮቹ ዓመታት በምሥራቅና በምዕራብ ወለጋ የተደረጉት ጥናቶች በገበሬው ጓሮ ባሉ ማንጎዎች ላይ መስፋፋቱን አሳዩ፤ ቆይቶም ከወለጋ ውጭ በሌሎች የማንጎ አካባቢዎች ተገኘ። ተባዩ የቆመበት ቅጠል ቢጫ እየሆነ ይደርቃል። ፍሬው ቢበስል እንኳ ነፍሳቱ የነበሩበት ቦታ ሮዝ ነጠብጣብ ሆኖ ስለሚቀር ገዢ ይሸሸዋል። ትንንሽ ዛፎችም ሊሞቱ ይችላሉ።

አሁን ወደ እንሰቱ እንመለስ። በእንሰት ሥርና በአሚቾው ላይ ነጭ ሆኖ የሚገኘው ተባይ ሚሊበግ ነው። ፀደቀ አባተ በ1988 ከወናጎ መገኘቱን አስታወቁ፤ ዊልያምስና ማቲል ፌሬሮ ደግሞ በ1999 ለሳይንስ አዲስ የሆነ ዐይነት መሆኑን አረጋግጠው በእንሰት ስም ሰየሙት። ባለ እግር ነው፥ ጋሻ የለውም፥ ጉንዳንም ይከተለዋል፤ ስለዚህ በላይ ከዘረዘርናቸው ምልክቶች ሦስቱ ከማንጎው ተባይ ይለዩታል። የሚደበቀውም ከመሬት በታች ስለ ሆነ፥ ገበሬው ተክሉ ገርጥቶና ቀጭጮ ሲያየው በሽታ ሊመስለው ይችላል። እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ በ1968 በዳኛቸው ይርጉና በብራድበሪ ጥናት ምክንያቱ መታወቁ ይታወሳል። ለአንዱ የታመመውን ተክል ነቅሎ ማስወገድ፥ የሚቈርጠውንም ቢላዋ ማጽዳት ያስፈልጋል፤ ለሌላው ግን ከመትከል በፊት የችግኙን ሥር ማየት ይበልጥ ይረዳል። ምልክቱን ያልለየ ሰው ሁለቱንም ያጣል።

ስሙን ማወቅ የሚሰጠው ጥቅም

ከዚህ ሁሉ የሚወጡ ተግባራዊ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው መድኃኒት የሚረጭበት ጊዜ ነው። ጋሻው የሚነካ መድኃኒትን ይመክታል፤ ከተባዩ ዕድሜ ውስጥ ያለ ጋሻ የሚገኘው ከእንቁላል የወጣው እጭ በእግሩ የሚሳብበት አጭር ጊዜ ነው። ነጭ ጋሻ በብዛት ካየ በኋላ የሚረጭ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚረጨው በቤቱ ጣሪያ ላይ ነው። ከዘር የበቀሉት የገበሬው የቆዩ ማንጎዎች እጅግ ረዣዥም ስለ ሆኑ መርጨቱ ራሱ አስቸጋሪ ነው፤ የዛፉን ቅርንጫፍ መግረዝና ማሳጠር የሚመከረውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ቈጠራ ነው። ነፍሳቷ ከሞተች በኋላም ጋሻዋ በቅጠሉ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ነጭ ነጠብጣብ የቈጠረ ሰው ሕያዋንን ቈጠርሁ ሊል አይችልም፤ ጋሻውን እያነሣ ማየት አለበት። በጋሻው ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ያገኘ እንደ ሆነ ጥገኛ የሆነች ጥቃቅን ተርብ ነፍሳቷን በልታ መውጣቷን ይረዳል። ይህች ተርብ የገበሬው ወዳጅ ናት፤ ባልተለየ ተባይ ላይ የሚረጭ ብርቱ መድኃኒት ግን አስቀድሞ የሚገድለው እሷን ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የመተላለፊያው መንገድ ነው። ያደገችው እንስት ባለችበት የተተከለች ናት፤ እጩንም ነፋስ ጥቂት ይወስደው ይሆናል እንጂ ከአገር ወደ አገር የሚያሻግረው ሰው ነው። የሳን ሆዜው ተባይ በችግኝ ተዛመተ። ከእስያ የታወቀው የማንጎ ተባይም በወለጋ ሲታይ ባሕርና ተራራ ያሻገረው የገዛ ክንፉ አይደለም፤ እንስቲቱ ክንፍ የላትምና። እንግዲህ ወደ ግቤ ሸለቆም ሆነ ወደ ሌላ የማንጎ አካባቢ ችግኝ ሲጫን፥ ከመጫኑ በፊት የቅጠሉን ሁለቱንም ገጽ በአጉሊ መነጽር ማየት ከብዙ በርሜል መድኃኒት ይሻላል።

በዚህ ረገድ የተማሪ ድርሻ ትንሽ አይደለም። አንድ ቅጠል በወረቀት ተጠቅልሎ ሲቀመጥ የተለቀመበት ተክል፥ ቀበሌ፥ ቀን፥ የቦታው ከፍታ፥ እንዲሁም ባለ ማሳው ተባዩን በምን ስም እንደሚጠራውና መቼ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየው አብሮ ቢጻፍበት፥ ለወደፊት መርማሪ ማስረጃ ይሆናል። ይህ ያልተጻፈበት ቅጠል ግን የደረቀ ቅጠል ብቻ ነው። የኮቺኒሉን ክርክር የኦአሃካ ገበሬዎች ቃል እንደ ቈረጠው ሁሉ፥ ነጩ ተባይ ወደ አንድ መንደር የገባበትን ዓመት የሚያውቀው በመጀመሪያ የዛፉ ባለቤት ነው፤ የትኛው ነጭ ተባይ እንደ ሆነ የሚነግረን ደግሞ ፒጂዲየሙ ነው። ሁለቱ ምስክሮች ባንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ የተባዩ ታሪክ ይጻፋል፤ መከላከያውም ከዚያ ይጀምራል።